በሞርተንሰን ውሃ ጣት አይነከርም

በዚያ ሸለቆ ማንም ሰው ሞርተንሰን ፍል ውሃ ከመግባቱ በፊት ጣቱን ነክሮ አይሞክርም ነበር። ሕግ ሆኖ ሳይሆን ነውር ስለሆነ ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ የቀረበለትን ሾርባ ከመቅመስ በፊት እንደ ማሽተት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ከሶልት ሌክ የመጣ የስፌት መኪና ሻጭ የእግሩን አውራ ጣት ነከር አድርጎ አወጣ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ በሸለቆው እየዞረ መኪና ሸጧል፤ ስሙን ግን ማንም አላወቀለትም። "አውራ ጣት መጣ" እየተባለ ኖሮ "አውራ ጣት ሞተ" ተባለ።

ይህ ሁሉ ኩራት ከየት መጣ ቢባል የመጣው ከአሳማ ነው።

የመጀመሪያው ሞርተንሰን፣ ላርስ፣ ከዴንማርክ ተነስቶ በበሬ ጋሪ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ አይዳሆ ሲደርስ የደረሰው መሬት ለስንዴም ለድንችም የማይሆን ነበር። ከቋጥኙ ሥር የሚፈላ ውሃ ይወጣል። ውሃው እንቁላል ይቀቅላል፤ ሽታውም ያው የቆየ እንቁላል ነው። ላርስ አልከፋውም። ጎረቤቶቹ በመኸር ያረዷቸውን አሳማዎች እያመጡ ጠጉሩ እንዲለቅ እዚያ ይዘፈዝፉ ጀመር፤ ለውለታውም አንድ አንድ ጎድን ይተዉለታል። "አየሽ? መሬቱ ራሱ ቀቅሎ ያበላናል" አላት ሚስቱን። ማረን ግን የዋዛ ሴት አልነበረችም። "አሳማ በተነከረበት ልጄን አላጥብም። ወይ አሳማውን ምረጥ ወይ እኔን" አለችው። ላርስ ሁለት ቀን አሰበ ይባላል። ቤተሰቡ ይህን ሲያወራ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃል። በሦስተኛው ቀን አካፋውን አነሳና ከአሳማው ጉድጓድ ራቅ አድርጎ ለሚስቱ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረላት።

ማረን ሕፃን ልጇን ከማስገባቷ በፊት ክርኗን ትነክር ነበር። "እጅን ሥራ ያደነድነዋልና ይዋሻል፤ ክርን ግን አይዋሽም" ትል ነበር። ክርኗ ያለፈውን ውሃ ጎረቤቶቿ አመኑት፤ የጎረቤቶቿ ጎረቤቶችም አመኑት። ጉድጓዱ በእንጨት ተከበበ፤ ቀጥሎም በሲሚንቶ ተሠራ። ልብስ መለወጫ ክፍሎች ተጨመሩለት፣ ባለ አሥር አልጋ ማረፊያ ተሠራለት። ማረን የዚያን ጊዜ ክርኗን ነክራ ያጠበችው ሕፃን አልማ ይባላል። አድጎ ቤቱን ወረሰ፤ ክርኑንም እንዲሁ።

አልማ ሞርተንሰን ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ዓርብ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። ከቀትር በኋላ ገንዳው ይከፈትና ውሃው ይፈሳል። ወለሉና ግድግዳው በብሩሽ ይፈተጋል። ሲመሽ ሽማግሌው ከገንዳው በላይ ወዳለችው የእንጨት ሳጥን ይወጣሉ። ወደ ሳጥኗ ሁለት ቦይ ይገባል፤ አንዱ ከቋጥኙ የሚመጣ ፍል ነው፣ ሌላው ከወንዙ የተጠለፈ ቀዝቃዛ። እያንዳንዱን ቦይ የሚዘጋ ሳንቃ አለ። አልማ ሳንቃዎቹን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ክርናቸውን እየነከሩ፣ ሁለቱን ውሃ ያስታርቃሉ። የታረቀው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ገንዳውን ሲሞላ ያድርና ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ ይገባል። ቢሮ ውስጥ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ነበር፤ ከተሰበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የጎደለ ነገር መኖሩን ያስተዋለ አልነበረም።

የአልማን እጅ ነገር መጀመሪያ ያወቀችው ልጃቸው ቨርዳ ናት። ባሏን የኮሪያ ጦርነት ካስቀረባት ወዲህ፣ የዓመት ልጇን አርሊንን ታቅፋ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ማረፊያውን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ድንች በሚወጣበት ሰሞን አንድ ቀን አባቷ ከምድጃው ላይ መጥበሻ በባዶ እጃቸው አነሱ። እጀታው ብረት ነው። እሳቸው ግን መጥበሻውን እንደያዙ ስለ አንድ በቅሎ ጨዋታ ጀመሩ፤ በቅሎው ወንዝ ገብቶ እምቢ አለ፣ ባለቤቱም... ቨርዳ ጨዋታውን አልሰማችም። የሸተታት የሚቃጠል ቆዳ ነበር። መጥበሻውን ነጥቃ ጣለችውና እጃቸውን ቅቤ ቀባች። "ምን ሆነሻል? በቅሎው ገና አልወጣም እኮ!" አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

የዚያን ሳምንት ዓርብ አባቷ ከሳጥኑ ሲወርዱ ጠብቃ፣ እንጨት የምትለቅም መስላ ወጣችና ክርኗን ነከረች። የፍሉ ሳንቃ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከልክ በላይ ተከፍቶ ነበር። ሳንቃውን አንድ ጣት ዝቅ አድርጋ ወረደች። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ ሆነ፤ በሚቀጥለውም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። አባቷ በየሳምንቱ በኩራት ወጥተው በኩራት ይወርዳሉ፤ እሷ ከኋላቸው ሄዳ አንድ ጣት ትዘጋለች፤ ሕዝቡም ቅዳሜ ገብቶ "የአልማ ክርን ይባረክ!" ይላል። ቨርዳ ይህን ስትሰማ አቀርቅራ ፎጣ ታጥፋለች፤ ደስም ይላታል።

የሚያስፈራት ወንድሟ ነበር። ኦርሰን ሶልት ሌክ ውስጥ የመድን ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰውን አደጋ ሲጽፍ ስለሚውል፣ ደረጃ ሲያይ የሚታየው የሚወድቅ ሰው ነው። መሬቱ በአባትየው ፈቃድ በሁለቱ ልጆች ስም ተዛውሯል። ባለፈው የምስጋና በዓል ተርኪ ዶሮውን እየቆረጠ እንዲህ አላት፦

"ቨርዳ፣ የአባባ ክርን አንድ ቀን የሳተ እንደሆነ ገንዳውን እንዘጋለን። አንድ ልጅ ብትቃጠል ማን ይጠየቃል? አባባን እኔ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ክፍል አለ፣ ራዲዮ አለ።"

"አባዬ ራዲዮ እየሰማ ሲሞት ይታየኛል" አለችው።

"ልጅ ሲቃጠል ከማየት ይሻላል።"

እውነቱን ነበር። አባቷን ከዚያ ሳጥን መለየት ግን ከቆዳቸው መለየት መሆኑንም ታውቃለች። ስለዚህ በየዓርቡ እንጨት ለቀማዋን ቀጠለች።

በመጋቢት አርሊን ስምንት ዓመት ሞላት። በሸለቆው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስምንት የሞላው ልጅ ይጠመቃል፤ የሚጠመቀውም ሞርተንሰን ገንዳ ነው። ውጭው በረዶ ቢሆንም ውሃው ሙቅ ነውና። አባት ያለው ልጅ አባቱ ያጠምቀዋል። አርሊን ግን ማንም ሳይጠይቃት "እኔን አያቴ ነው የሚያጠምቀኝ" ብላ አወጀች። ከዚያም አያቷን በጥያቄ አደረቀቻቸው።

"አያቴ፣ ውሃው ውስጥ ስታስገባኝ ትረሳኝ ይሆን?"

"አንቺን የሚረሳ ማን ነው? ጩኸትሽ ውሃ ውስጥም ይሰማል።"

"ዓሣ ብውጥስ?"

"ፍል ውሃ ውስጥ ዓሣ የለም፤ ካለም ተቀቅሏል። ብይው።"

ኦርሰን በጥምቀቱ ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። የመኪናውን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ከፍቶ አንድ ከባድ ዕቃ ለቨርዳ ብቻ አሳያት። ፍልና ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ለክቶ የሚቀላቅል፣ የሰው እጅ የማይፈልግ አዲስ የብረት ቧንቧ ነው። "ለአባባ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ" አለ። ማታ ራት ላይ የተቀቀለ ድንችና የአሳማ ሥጋ ቀርቦ ሳለ ግን ቀስ ማለቱን ረሳው።

"ዛሬ ሳጥኑ ጋ ማን ወጣ?"

"እኔ ነኛ! ታዲያ ማን ይወጣል? የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ቢሾፑ?" አሉ አልማ።

"ነገ ብዙ ሕፃናት አሉ፤ እስቲ ወጣ ብዬ ልየው።"

ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀመጡ። ቨርዳ የአባቷን አንገት አየች፤ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኖ፣ እንደ አሮጌ ዶሮ አንገት ሆኗል። ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

"የአባዬ ክርን ስቶ አያውቅም፤ ዛሬም አይስትም። አንተ የምታየው ምን አለና ነው? ጣትህን ልትነክር ነው? 'አውራ ጣት ሁለተኛው' ሊሉህ?"

አርሊን ከት ብላ ሳቀች፤ ኦርሰንም መሳቁ አልቀረም። "እሺ፣ እሺ፣ ምስክርነትሽን ይዣለሁ" አለና ተቀመጠ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን የመሰለ ምስክርነት ሰጥታ አሁን እንጨት ለቀማ ብትወጣ ኦርሰን ምን ይላል? ራት እንዳበቃ ኮቱን ደርቦ ወደ ሳጥኑ የሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ስለ ሚስቱ እህት ጋብቻ ያወራት ጀመር። ቨርዳ ዕቃ እያደረቀች ትሰማዋለች፤ ልቧ ግን ላይ ሳጥኑ ጋ ነው። ሰማዩ ጠቆረ። "ለልጅ ልጁ ነው፤ ለአርሊን ሲሆን አይሳሳትም" አለች በልቧ። ሌላም ሐሳብ መጣባት። አንድ ቀን እንኳ ውሃው የእሳቸው ብቻ ይሁን፤ ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰው ያን ያህል አይነፈግም። ይህ ሐሳብ አክብሮት መሰላት፤ አክብሮትም ነበር። ስለዚህ አልወጣችም።

ጠዋት ሁሉ ነገር ተጣደፈ። ኦርሰን አባቱን ጠጉራቸውን ሊያስቆርጥ ወደ ከተማ ይዞ ሄደ። ቨርዳ ነጫጭ ልብሶች ስትተኩስ፣ ለምሳ ጎመንና የአሳማ ሥጋ ስታሰናዳ አራት ሰዓት ሆነ። ሰው መጣ። በረዶ በተቆለለበት ግቢ ስድሳ ያህል ሰው በክት ልብሱ ቆሟል። ከገንዳው እንፋሎት ይነሳል፤ በብርድ ቀን ሁልጊዜ ስለሚነሳ ልብ ያለ የለም። ማንም ጣቱን አልነከረም። በዚያ ቤት ጣት መንከር ነውር ነዋ።

አልማ ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸው ተቆርጦ፣ እንደ ሙሽራ ወጡ። የገንዳውን ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወርደው፣ ሱሪያቸው እንዳይረጥብ ይመስል በልማድ እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ቆሙ። ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቷል። ክንዳቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ።

"ነይ እስቲ፣ ጥያቄ አብዢ!"

ቨርዳ ያየችው እግራቸውን ነው። ከውሃው በላይ ያለው ቅልጥማቸው እንደ ወትሮው ነጭ ነው፤ ከውሃው በታች ያለው ግን ቀልቷል። እያየችው ቀይነቱ እየደመቀ ሄደ። ሽማግሌው ደግሞ አሁንም ይስቃሉ። እግራቸው ምንም አልነገራቸውም።

"አባዬ፣ ውጣ!"

በዚያው ቅጽበት አርሊን የእግሯን ጫፍ አስነክታ "ወይኔ!" ብላ እግሯን አነሳች። ኦርሰን ከነጫማው ዘሎ ገብቶ "ኧረ በስመ አብ!" አለና አባቱን ተሸክሞ አወጣቸው። ውሃው ሰው የሚገድል አልነበረም፤ ሕፃን የሚነከርበትም አልነበረም። አልማ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው የቀላ እግራቸውን የሌላ ሰው እግር ይመስል ተመለከቱት። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን ፈለጉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ግራ የገባው ልጅ ድምፅ ነበር።

"ቨርዳ፣ ትናንት አልመጣሽም እንዴ?"

ቨርዳ አጠገባቸው በረዶው ላይ ተንበረከከች።

"ታውቅ ነበር?"

"ታዲያስ! በየቅዳሜው ጠዋት ወጥቼ አየዋለሁ እኮ። ሳንቃው አንድ ጣት ወርዶ አገኘዋለሁ። እሰይ፣ ልጄ ነክታዋለች እላለሁ። ዛሬ ይኼ ፀጉር አስተካካይ ነው ያስቀረኝ።"

"ካወቅህ ለምን አታስተካክለውም?"

"በምን?" አሉና ቀኝ ክንዳቸውን አነሱ። "ከጣቴ ጀምሮ ሽቅብ እየሞተ እየሞተ ክርኔን አለፈ። ትክክል ላድርገው ብል ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ሆን ብዬ አሙቄ እተወዋለሁ፤ አይተሽ የማታልፊው እንዲሆን። ቀዝቃዛ ባደርገው ለእኔ አዝነሽ ትተዪው ይሆናል። ፍል ሲሆን ግን ሰው ይቃጠላል ብለሽ ትዘጊዋለሽ።" ትንፋሽ ወሰዱና ጨመሩ፦ "አንድም ዓርብ ቀርተሽ አታውቂም።"

"ላክብርህ ብዬ ነው የቀረሁት" አለችና ስድሳ ሰው እያያት አለቀሰች።

"ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት አክብሮት ነው! ልትቀቅይኝ?" አሉ አልማ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሌላው ሳቀ፤ ቨርዳም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ኦርሰን አልሳቀም። ጫማው ውሃ ሞልቶ፣ እንደቆመ፣ አባቱን ያያል። አልማ ወደ እሱ ዞሩ።

"ልጄ፣ ልክ ነህ። ይህ ክርን ሞቷል። ደብቄብሃለሁ። መኪናህ ውስጥ ያለውን ብረትም አይቼዋለሁ፤ ጠጉር ልታስቆርጠኝ ስትወስደኝ ጃኬቴን ፈልጌ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፍቼ ነበር። ግን ዛሬ ይህችን ልጅ ላጥምቅ። ከዚያ በኋላ ያልከው ይሁን።"

ኦርሰን ሄዶ ከግድግዳው ሥር አካፋ አነሳ። የተቆለለውን በረዶ ዝቆ ገንዳው ውስጥ ወረወረ። ደግሞ ዛቀ። ቢሾፑ ኮቱን አወለቀና ባልዲ ያዘ። ከዚያ በኋላ ማን ቀረ? የክት ልብስ የለበሰው ሁሉ በእጁ፣ በባርኔጣው፣ በወተት ጣሳው በረዶ እያፈሰ ይጨምር ጀመር። ልጆቹማ ጥምቀቱንም ረሱት። ኦርሰን ራሱ ወደ ሳጥኑ ሮጦ የፍሉን ሳንቃ ዘጋ። ቨርዳ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክርኗን ነከረች። አልማ እግራቸው ላይ ቀዝቃዛ ፎጣ ተጠቅልሎላቸው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ምን ይላል?"

"ገና ነው።"

"ጨምሩ!" ብለው ጮኹ ሽማግሌው፤ ሕዝቡም ጨመረ።

"አሁንስ?"

"ትንሽ ቀረው... አሁን። አባዬ፣ አሁን ደርሷል።"

አልማ ደረጃውን እንደገና ወረዱ፤ ኦርሰን ከአንድ ወገን ደግፏቸዋል። ክንዳቸውን ዘረጉ። አርሊን ግን ጠርዙ ላይ ቆማ አንዴ ውሃውን፣ አንዴ አያቷን ታያለች። ነውሩን ታውቃለች።

"አያቴ... ጣቴን ልንከር?"

አልማ ውሃውን አዩት፤ የአባታቸውን ጉድጓድ፣ የእናታቸውን ክርን።

"ንከሪ፣ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ በሞርተንሰን ውሃ ጣት ይነከራል። እኔ ነኝ ያልኩት።"

አርሊን ነከረች። ከእሷ ቀጥሎ ኦርሰን ጎንበስ አለና ነከረ። ቢሾፑ ነከረ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በሕይወቱ አንድም ቀን ያን ያልደፈረ፣ በገንዳው ዙሪያ ተንበርክኮ እየተፋፈረ ጣቱን ነከረ። "ጥሩ ነው" አለ አንዱ ቀስ ብሎ። "ጥሩ ነው" አለ ሌላው። አልማ ልጅቷን አቀፏት፣ ጸሎቱን አደረሱ፣ ወደ ውሃው አጠለቋት፣ አወጧት። አልረሷትም። ስትወጣ የመጀመሪያ ቃሏ "ዓሣ የለም!" የሚል ነበር።

ኦርሰን እሁድ ማታ ሊሄድ ሲነሳ የመኪናውን ዕቃ ማስቀመጫ ከፍቶ ብረቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

"ቨርዳ ስትታመም ማን ይነክራል?" አለ።

አርሊን ክርኗን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት።

"እሺ። ግን አዲስ ቴርሞሜትር በፖስታ እልካለሁ፤ እሱም ይነከራል" አለ። ብረቱንም ይዞት ወደ ሶልት ሌክ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓርብ አባትና ልጅ አብረው ወደ ሳጥኑ ወጡ፤ እንጨት ለቀማም ቀረ። አልማ ሳንቃዎቹን ከፍ ዝቅ አደረጉ፤ ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተው ቆሙ። ቨርዳ ክርኗን ነከረች።

"አባዬ፣ አንድ ጣት ሙቅ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ያንቺን ድርሻ ትቼልሽ ነው።"